እስከ መጨረሻው ቤት

መንግስቱ የማለ ዕለት ሚስቱ ይታይሽ ከአዳራሹ ኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ሩቅ ስለነበረች አፉን ልትይዝለት አልቻለችም። ቅርብ ብትሆንም አትይዝለትም ነበር። በዝግባ በር ባል ከጉባኤ መሀል ተነሥቶ ሲናገር ሚስት ነጠላዋን ታስተካክላለች እንጂ እጇን ወደ አፉ አትሰድም።

ዝግባ በር ከአምበር በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። ትናንት አርባ ቤት ነበረች፤ ዛሬ ቆጥሮ የሚጨርሳት የለም። ከምንጭ የተጠለፈው አሮጌ የውሃ መስመር ድሮ ታች ሰፈርን አጥግቦ ለቦኖውም ይተርፍ ነበር። ከዚያ ሰው መጣ። ልጁን ሊያስተምር የመጣ፣ የአባቱ መሬት ለወንድሞቹ እንኳ ያልበቃ፣ ጡረታ ወጥቶ ከአስፋልት የራቀ፣ ሁሉም ዳገቱን ተያይዞ ቆርቆሮውን መታ። ላይ ሰፈር የተፈጠረው እንዲህ ነው። ውሃ ግን እንደ ሰው ዳገት አይወጣም። ታች ሰፈር ቧንቧ ሲከፍት የላይ ሰፈር ቧንቧ ንፋስ ብቻ ያፏጫል።

መንግስቱ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ሰነፍ ሰብሳቢም አይደለም፤ እውነቱን መናገር ደግ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ እንዲቆፈር ደብረ ማርቆስ ስንቴ ተመላልሶ፣ በየቢሮው ደጅ ስንት ቀን ተገትሮ ነው ያስፈቀደው። ኅዳር ላይ ውሃው ተገኘ። የቀረው ፓምፑ፣ መስመሩና ኮረብታው ላይ የሚሠራው ታንከር ነበር። ስብሰባው የተጠራው ይህንኑ ለሕዝብ ለማብሰር ነው፤ ማብሰሩም ተጀምሮ ነበር፣ ደምለው የሚባል የላይ ሰፈር አናጢ ብድግ ባይል ኖሮ።

«ጋሽ መንግስቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ደምለው። «እኛ ልጆቻችንን የምናጠጣው ከብት ከሚጠጣው ኩሬ ነው። የርስዎ ባለቤት ግን በቧንቧ ውሃ ችግኝ ታጠጣለች። የጠገበ ቤት ለተጠማ ቤት ምን ያስቸኩለዋል?»

ይታይሽ ፊቷ እንደ ምጣድ ጋለ። ውሸታም እንዳትለው ያለው እውነት ነው። ከጓሮዋ ሁለት ሺህ ችግኝ አላት፤ ጌሾ፣ ግራቪሊያ፣ ባሕር ዛፍ፤ ከዳር ደግሞ ስልሳ የፖም ችግኝ። ፖሙን ከሥልጠና ተምራ፣ ቅርንጫፉን በገዛ እጇ ቆርጣ አዳቅላ፣ ሦስት ዓመት ደክማበታለች። በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር የመንግስቱ ነው፤ ቤቱ የአባቱ፣ መሬቱ የአባቱ። «የኔ» ብላ የምትጠራው ችግኟን ብቻ ነበር። ያን ዓመት ሰኔ ፖሙ ለገበያ ይደርሳል። እስከዚያ ግን በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ነገ እሰጥሃለሁ ቢሉት አይሰማም።

መንግስቱ ቀስ ብሎ ተነሣ። እንዲህ ቀስ ሲል ይታይሽ ታውቀዋለች፤ ነገር መጣ ማለት ነው።

«ሁላችሁም ስሙ» አለ። «ከላይ ሰፈር የመጨረሻው ቤት በቧንቧ ውሃ ሳያገኝ የኔ ቤት ቧንቧ ቢከፈት፣ ሚካኤል ይፍረድብኝ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ደምለው ራሱ እያለቀሰ ሄዶ ትከሻውን ሳመው። መንግስቱ ከስብሰባው በቀጥታ ቤቱ ገብቶ፣ እንግሊዝ ቁልፉን አንሥቶ፣ የደጁን ቧንቧ ራስ ነቀለና አፉን ደፈነው። ሰዉ በአጥር ላይ እየተንጠራራ ያያል።

«ጥር ላይ ፓምፑ ይመጣል» አላት ሰዉ ሲበተን። «ሁለት ወር ማለት እኮ ምንም አይደለም።»

በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ ይለካሉ የሚባለው ይኸው ነው። የማለው መንግስቱ፣ ጀሪካን ያዘለችው ይታይሽ። ለነገሩ እሱም አልተመቸውም፤ ገላውን በጣሳ ውሃ ነው የሚታጠበው። ግን ጣሳዋም ብትሆን በእግሯ አልመጣችም።

ቦኖውን የምትጠብቀው ማንጠግቦሽ ናት። ልበ ቀና ሴት ናት፤ ሕግ ላይ ግን ድርቅ ትላለች። ለአንድ ቤት በቀን አራት ጀሪካን፣ በአንድ ወረፋ አንድ ብቻ። አህያ ይዞ መጥቶ አንዴ ጭኖ መገላገል የለም። ይታይሽ በቀን አራት ጊዜ ትሰለፋለች፣ አራት ጊዜ ትሸከማለች። ሁለቱ ለቤት፣ ሁለቱ ለችግኝ። ለችግኝ እንደሆነ ለማንም ትንፍሽ አትልም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጓሮ ገብታ፣ እንደ ሌባ አጎንብሳ፣ ለእያንዳንዱ ፖም አንድ አንድ ብርጭቆ ታንቆረቁራለች። ለሌላው የዕቃ እጣቢ ነው። እሱም ከተረፈ።

ሰልፉ ላይ ሴቶቹ ቦታ ሊለቁላት ይሻሉ። «ምን ዓይነት ሰው ነው እግዜር የሰጠሽ፣ እትዬ!» ይሏታል። «የኛ ባሎች ቢሆኑ ቧንቧውን አልጋቸው ሥር ይደብቁት ነበር።» ይታይሽ «ተመስገን» ትላለች። ወገቤን ብትል ባሏን ማማት ይሆናል። ችግኜ ብትል ደግሞ የደምለውን ነገር መቀስቀስ ነው። ስለዚህ «ተመስገን» ብላ አዝላ ትሄዳለች። ሰው በምስጋና ብዛት ሊታፈን እንደሚችል ያን ዓመት አወቀች።

ጥር መጣ፤ ፓምፑ አልመጣም። የካቲት ላይ ፓምፑ መጣ፣ ትራንስፎርመሩ ቀረ። መጋቢት ላይ ትራንስፎርመሩ ተተከለ፤ የመስመሩ መገጣጠሚያ በልክ አልመጣምና ተመልሶ ሄደ። ግራቪሊያው ፈጽሞ ደረቀ። ባሕር ዛፉ እንኳ፣ ያ ግትር፣ ከሥሩ ጀምሮ ቡናማ ሆነ። ይታይሽ በየጠዋቱ የሞተውን እየነቀለች ፕላስቲኩን ታጥፋለች፤ ስታጥፍ ታለቅሳለች፤ አልቅሳም ወረፋዋን ለመያዝ ትሮጣለች።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የቤተሰቡ ንስሐ አባት አባ አምደሚካኤል ዘንድ ቀርባ ችግሯን ዘረገፈች።

«ልጄ» አሏት፣ «ወንጌሉ ‹ኢትምሐሉ› ይላል፤ አትማሉ ማለት ነው። ለማለ ሰውም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን በር አልዘጋችም። እሱ ራሱ ይምጣ፣ ይናዘዝ፤ ቀኖናውን ሰጥቼ እፈታዋለሁ።»

«እኔ ልጹምለት አባቴ? እኔ ልስገድለት?»

«አንቺማ አልማልሽ። ምኑን እፈታልሻለሁ?»

እቤት ስትነግረው መንግስቱ እንደተሰደበ ሰው አፈጠጠባት። «ሰዉ ምን ይለኛል? ጥቂት ወር ጠማውና በካህን ተፈትቶ ቧንቧውን ከፈተ አይለኝም? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ይታይሽ!»

«እኔስ?»

«አንቺማ ጠንካራ ነሽ» አለ፤ እንደ ሽልማት ነበር የተናገረው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ውሃው መጣ። እውነትም መጣ። ፓምፑ አጓራ፣ ታንከሩ ሞላ፤ ላይ ሰፈር በየደጁ የተተከለው ቧንቧ መጀመሪያ ሳለ፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ ተፋ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ ለቀቀ። ልጆች ልብሳቸውን ሳያወልቁ ገቡበት። አሮጊቶች በመዳፋቸው እየጨለፉ ግንባራቸውን አበሱ። ደምለው መዶሻውን ጥሎ ሰው ሁሉ ፊት የመንግስቱን ጉልበት ሳመ። ይታይሽ በሕይወቷ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም። ጌሾው ግማሹ፣ ከፖሙ አርባ አንዱ በሕይወት አለ። ዛሬ ቧንቧው ይከፈታል፤ ዛሬ ሁሉንም ሥራቸው እስኪርስ ታጠጣቸዋለች። እግሯ ወደ ቤት ቸኩሎ አልቆም አላት።

መንግስቱ ድንጋይ ላይ ወጣ። «ወገኖቼ፣ ውሃ ያልደረሰው ቤት አለ?»

ዝም ብሎ ቢወርድ ምን ነበረበት! ግን ጠየቀ። ከሕዝቡ ውስጥ አንድ ድምፅ «ከታንከሩ በላይ አራት ቤት አለ!» አለ። መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ አንገቱን አከከ። እነዚያ ቤቶች ታንከሩ ከተሠራ በኋላ የበቀሉ መሆናቸውን፣ ከታንከር በላይ ውሃ በራሱ እንደማይወጣ፣ ሌላ ፓምፕ እንደሚያስፈልግና እሱም ምናልባት ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚታሰብ ተናገረ።

«እንግዲያስ ቃሌ ቃል ነው» አለ መንግስቱ። «የመጨረሻው ቤት ብያለሁ። እስኪደርሰው የኔ ቧንቧ አይከፈትም!»

እልልታው ከኅዳሩ በለጠ። ይታይሽም እልል አለች። ካላለች ሰው ያያታላ።

በሳምንቱ፣ ያን የመጨረሻ ቤት የሚባለውን በዓይኔ ልየው ብላ ዳገቱን ወጣች። በልቧ የያዘችው ነገር ነበራት፤ ባለቤቶቹን ትለምናለች። «እኛ ስለ ራሳችን ይቅር ብለናል፣ ክፈት» ብለው ሽማግሌ ቢልኩበት መንግስቱ እሺ ሊል ይችላል፤ በክብር ነዋ። በዚህ ተስፋ ታንከሩን አልፋ ሽቅብ ሄደች።

ቤቱ ገና ግድግዳው እየተመረገ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጭቃ ትለጥፋለች። ይታይሽ የማን ሚስት እንደሆነች ስትነግራት ሴትዮዋ እጇን በሣር ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ቃጣት። ስሟ ዜማ ነው። በጣሳ ውሃ አቀረበችላት፤ ከወንዝ ተሸክማ ያመጣችውን። ይታይሽ የውሃውን ዋጋ ጀርባዋ ስለሚያውቀው ለመጠጣት ተሳቀቀች።

«ልጄ፣ ምነው ከዚህ ከፍታ ላይ ሠራችሁ?» አለቻት። «ውሃ እንደማይወጣ አልነገሯችሁም?»

«ነግረውናል እንጂ እትዬ። እኛ ያመንነው የጋሽ መንግስቱን ቃል ነው።»

«የምኑን ቃል?»

ዜማ ፈገግ አለች። «ባሌ አምበር ገበያ ላይ ሰምቶ መጣ። ‹በሌላው ከተማ መጨረሻ ላይ የሠራ ሰው ተረስቶ ይቀራል። ዝግባ በር ግን ለመጨረሻው ቤት አንድ ትልቅ ሰው በሚካኤል ምሎ፣ የራሱን ቧንቧ ዘግቶ ተቀምጧል፤ ጠዋት ማታ ስለሱ የሚሟገትለት አለው› አለኝ። ታች ቦታ እናገኝ ነበር እኮ። አውቀን ነው እዚህ የሠራነው።»

ይታይሽ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች።

«ወንድሜም ከኛ በላይ ካስማ መትቷል» አለች ዜማ ወደ ዳገቱ እየጠቆመች። «የባሌ አጎትም መጥተው ቦታ አይተው ሄደዋል። ያ ቃል ብዙ ሰው ነው የሰበሰበው፤ እግዚአብሔር ያክብርልን።»

ይታይሽ ሽቅብ አየች። ከቤቱ በላይ ካስማ ተመትቷል፤ ከዚያም በላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከዚያም በላይ አንድ ሰው ድንጋይ ይለቅማል። እስከ ጫፉ ድረስ ሰባት ቆጠረችና መቁጠሩን ተወችው። ለካ መጨረሻ የሚባል ቤት የለም። ባሏ በማለ ቁጥር መጨረሻው ይሸሻል፤ መጨረሻው በሸሸ ቁጥር ባሏ ይከበራል። ልመናዋን ሳታነሣው ዋጠችው። ይህችን ልጅ ምን ብላ ትለምናታለች? ያለሽን አንድ ተስፋ ለፖሜ ብለሽ ጣይልኝ ትበላት?

ስትመለስ መንግስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ያየችውን ሁሉ፣ የሰማችውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ነገሩ የገባው ሰው ይደነግጣል ብላ ነው። የመንግስቱ ፊት ግን ቀስ በቀስ እየበራ ሄደ።

«ከአምበር ገበያ ድረስ?» አለ።

«መንግስቱ፣ ምን እንዳልኩህ ሰምተሃል? ማለቂያ የለውም ነው የምልህ!»

«ሰምቼሻለሁ፣ ሰምቼሻለሁ። ‹ትልቅ ሰው› ነው ያለችው? እስቲ እንዴት እንዳለችው ድገሚልኝ።»

ያኔ ነው ይታይሽ ቁርጡን ያወቀችው። እስከዚያች ሰዓት ባሏ አብሯት የታሰረ ይመስላት ነበር። እሱ ለካ እስሩ ተመችቶታል። ሆዷ ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ የታመቀው ነገር ወጣ።

«እንግዲያው ስማ! ቃሉ ያንተ ነው፤ ክብሩም ያንተ ነው። ጀርባው ብቻ ነው የኔ፤ እሱም አለቀ። ከነገ ጀምሮ ራስህ ቅዳ! አራት ጊዜ ተሰለፍ፣ አራት ጊዜ ተሸከም። ያኔ ትልቅ ሰውነትህን እናየዋለን!»

እንዲህ ስትናገረው በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያው ነው። መንግስቱ አመሻሹ ላይ ራት ሳይበላ ተኛ። ይታይሽ ልቧ ቢፈራም ተስፋ አደረገች። በዝግባ በር በእሱ ዕድሜ ያለ አባወራ ጀሪካን አዝሎ ታይቶ አይታወቅም። አንድ ሳምንት ቢሸከም፣ ኧረ ሦስት ቀን ቢሸከም፣ በአራተኛው ራሱ ወደ አባ አምደሚካኤል ይሮጣል። ፖሙ ደግሞ ሦስት ቀን ይችላል።

ጠዋት መንግስቱ ጀሪካኑን በገመድ አሰረና ወጣ። ይታይሽ ከበሩ ሥር ቆማ ጠበቀች። ጊዜው ረዘመ። መጀመሪያ የሰማችው የእግር ኮቴ ሳይሆን እልልታ ነው።

መንግስቱ ባዶ እጁን ከፊት ይመጣል። ከኋላው ማንጠግቦሽና ገና ቧንቧ ያልደረሳቸው ሦስት የላይ ሰፈር ሴቶች እያንዳንዳቸው ጀሪካን አዝለዋል። አንዷ ታለቅሳለች። ገብተው ከበረንዳው ሥር ያለውን በርሜል ሞሉት።

«ጋሽ መንግስቱ ጀሪካን አዝሎ ሲመጣ ቦኖው ሁሉ አለቀሰ» አለች ማንጠግቦሽ። ወደ ይታይሽ ያየችበት ዓይን የወትሮው አልነበረም። «እትዬ፣ ደክሞሽ ከሆነ እኛን አትጠሪንም? እንዴት አስቻለሽ እሱን መስደድ?»

«እኔ…» አለች ይታይሽ።

«ግድ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ላይ ሰፈር በተራ ያመጣል። በቀን አራት ጀሪካን፣ እስከ በርሜሉ አፍ። አንቺ ወረፋ አትያዥም፤ የቤታችሁን ድርሻ እኛው እንቀዳለን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ። ይኼ የቃል ውሃ ነው። ጋሽ መንግስቱ የማለው ስለምን እንደነበር ሁላችንም አንረሳም። ለመጠጥ ይሁን፣ ለወጥ ይሁን፣ ለመታጠቢያም ይሁን። ለችግኝ ግን ጠብታ እንዳይነካው። ሚካኤልን ብዬሻለሁ!»

ሦስቱ ሴቶች «ሚካኤልን!» ብለው ደገሙት። ይታይሽ የምትይዘው ጠፍቷት የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

አልዋሹም። በየቀኑ መጡ። በየቀኑ ሲመጡ ማንጠግቦሽ በርሜሉን ጎንበስ ብላ ታያለች፤ ቀጥላም አንገቷን ወደ ጓሮ ሰገግ ታደርጋለች። በሦስተኛው ቀን የፖሙ ቅጠል ጠርዙ ተጠቀለለ። ክረምቱ ሊገባ ገና አምስት ሳምንት ይቀራል። ይታይሽ ቦኖው ድረስ ወርዳ አንድ ጀሪካን ብቻ ለመነች። ማንጠግቦሽ በትሕትና፣ ከልቧም አዝና፣ «የናንተ ቤት ድርሻ እኮ ተቀድቷል እትዬ» አለቻት። ከኋላ የተሰለፉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ይታይሽ ጀሪካኗን በገመድ አሰረች። ወንዙ መሄጃው አንድ ሰዓት ነው፤ መመለሻው፣ ዳገት ስለሆነ፣ ሁለት። መንግስቱ በረንዳው ላይ ከሙሉው በርሜል በጣሳ እየጨለፈ ፊቱን ይታጠብ ነበር።

«ወዴት ነሽ በጠዋቱ?» አላት።

«ወንዝ።»

ቀና ብሎ አያት። ከአገጩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ እውነትም ግራ ገብቶታል።

«ምን ልታደርጊ?» አለ። «ውሃ ሞልቶ?»

ይታይሽ ባዶውን ጀሪካን አዘለችና ወጣች።